በዝግባው ሥር የተለቀሰላት ልጅ

አባቴን «የተለያችሁ ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁት ለምን እኔን አለ? ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልኬን ሳገላብጠው ኖሬያለሁ፤ መልሱን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። አባቴ የሞተበት ሰው አላጣም። እናቱ ካረፈች ብዙ ጊዜ አልሆነም ነበር፤ ታላቅ ወንድሙም በጣሊያን ጊዜ እንደወጣ ቀርቷል። ከሁለቱ አንዱን ቢጠራ ውሸት እንኳ አይሆንበትም። እሱ ግን በዚያ ቀትር፣ በዲክሲስ መንገድ ዳር ባለ አንድ ትልቅ ዝግባ ሥር ተቀምጦ፣ ለማያውቃቸው ሰዎች «ሴት ልጄ ናት» አለ። ሁለት ሴት ልጆች ነበሩት። ትንሿ አጠገቡ ሆና ዳቦ ትበላ ነበር። ትልቋ እኔ ነኝ፤ አሰላ፣ ቤታችን ውስጥ፣ እሳቱ እንዳይጠፋ እየጠበቅሁ ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ከእንግሊዞቹ ነው። አባቴ እንግሊዝኛ የለመደው ጣሊያን በተባረረ ጊዜ ከመጣው ጦር ጋር ሲዞር ነው። በኋላ፣ አዲስ የስንዴ ዘር ሊያስለምድ አሰላ የመጣ አንድ እንግሊዛዊ አስተርጓሚ አድርጎ ቀጠረው። ሰውየው ሚስትና ሁለት ልጆች ነበሩት፤ ልጆቹ አዲስ አበባ በእንግሊዞች ትምህርት ቤት አዳሪዎች ነበሩ። ትምህርት ቤቱ እረፍት በሰጠ ቁጥር ልጆቹ ይመጣሉ፤ ልጆቹ በመጡ ቁጥር ደግሞ ሰውየው ሥራውን ትቶ፣ ሚስቱን፣ ልጆቹንና ውሻውን ላንድሮቨሩ ላይ ጭኖ፣ ቅርጫትና ምንጣፍ ይዞ ይወጣል። አንድ ቀን ወደ ጭላሎ ግርጌ፣ ሌላ ቀን ወደ ዝዋይ። ሄደው ሣር ላይ ይቀመጣሉ፣ ይበላሉ፣ ተራራውን ወይም ውሃውን ያያሉ፣ ይመለሳሉ። አባቴ መንገድ ሊያሳይና ከባላገሩ ጋር ሊያግባባ አብሮ ይሄድ ስለነበር፣ ቤት ሲገባ እንደ ተረት ይነግረን ነበር።

እናቴ ምን ፍለጋ እንደሚሄዱ ትጠይቀዋለች። ምንም አይፈልጉም ይላታል። አታምነውም። ፈረንጅ ያለ ምክንያት ቤንዚን አያቃጥልም፤ ወይ ወርቅ ወይ መድኃኒት አግኝተው ደብቀውህ ነው ትለዋለች። አባቴ ግን ነገሩ ቀስ በቀስ ልቡ ውስጥ ገባ። አባት ሥራውን ትቶ ከልጆቹ ጋር ሣር ላይ ሲጋደም ማየት ደንቆት ነበር መሰለኝ። የገዛ አባቱ ከማዕድ ውጭ አብሮት ተቀምጦ አያውቅም።

ከዚያ በሰውየው አማላጅነት ወንድሜ እዚያው ትምህርት ቤት ገባ። ከእኔ በሁለት ዓመት ያንሳል። ስለ እኔ የተነሣ ነገር አልነበረም፤ እኔም አላነሣሁም። ወንድሜ በመጀመሪያው እረፍቱ ከእንግሊዞቹ ልጆች ጋር በላንድሮቨሩ ሲመጣ፣ አባቴ አሁን እሱም የሚያወጣው ልጅ አገኘ። የእንግሊዞቹ ገና ከእኛ ገና ቀደም ብሎ ይውላል፤ በዚያ ቀን ሰውየው ከቤቱ ስለማይወጣ መኪናው ቆሞ ይውላል። አባቴ ለመነው፤ ሰጠው።

ያን ጊዜ ሰው ከቤቱ የሚወጣው በምክንያት ነው፤ ለቅሶ፣ ሰርግ፣ ጠበል፣ ገበያ ወይም ክርክር። ቅርጫቱ ሲጫን ያየችው ጎረቤታችን ባለሱቋ ደጃፏ ላይ ቆማ እናቴን ማን እንደሞተባት ጠየቀቻት። ማንም አልሞተም አለች እናቴ። ታዲያ ማን ታሞ ነው? ማንም አልታመመም፤ እንዲያው ሜዳ ላይ ቁጭ ብለን ልንመለስ ነው። ባለሱቋ መኪናውን አየች፣ ቅርጫቱን አየች፣ ከዚያ እናቴን አየች።

«ሣር አይታችሁ ልትመለሱ? የእኔ ጓሮ ሣር መች አነሰውና» አለች። «ኑ ግቡ፣ ቤንዚኑም ይተርፋል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ አባቴን «እንግሊዙ» ይለው ጀመር። «እንግሊዙ ዛሬ ሣር ለማየት አይወጣም?» ይሉታል ሲያልፍ። ይስቃል፤ ግን ኮፍያውን ያስተካክላል።

እኔ የቀረሁት ቤት ባዶውን ስለማይተው ነው። ሠራተኛችን በአዝመራ ወደ ሲሬ፣ ወደ ቤተሰቦቿ ትሄዳለች። ላሟ አለች፣ ዶሮዎቹ አሉ፤ እሳት ከጠፋ ደግሞ ጎረቤት ለምኖ መጫር እናቴ የምታፍርበት ነገር ነበር። ከዚያም በላይ እናቴ፣ ቤት ሰው ያጣ ቀን ሌላ ነገር ይገባበታል ትላለች። ስለዚህ አንድ ሰው መቅረት አለበት፤ ያ አንድ ሰው ማን እንደሆነ ተነጋግረን አናውቅም። አባቴ ብቻ በሁለተኛው ጉዟቸው መኪናው ከተነሣ በኋላ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «አንቺ በሚቀጥለው» አለኝ። በሚቀጥለው እረፍት የእናቴ አክስት ከጢቾ መጥተው ቤቱን ሊጠብቁ፣ እኔ ልሄድ።

መኪናው ቁልቁለቱን ሲወርድ ድምፁ ለረጅም ጊዜ ይሰማል። ጠመዝማዛው ጋ ሲደርስ ይጠፋና ድልድዩ ላይ እንደገና ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ አይሰማም። ቤቱ እንዲያ ዝም ሲል የነበረውን ነገር ለመናገር ቃል አጣለሁ። ጭር አለ ማለት አይበቃም። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ለእኔ ብቻ ሳይነግሩኝ እንደሄዱ ያለ ነበር።

ያኔ ግድግዳ አነባለሁ። ቤታችን በጋዜጣ የተለጠፈ ነበር። አባቴ ከመሥሪያ ቤት ባመጣው ጋዜጣ ጭቃውን ሲሸፍን አንዳንዱን ገጽ ገልብጦ፣ አንዳንዱን በጎን ለጥፎታል። ፊደል የለየሁት ወንድሜ የኔታ ዘንድ ተምሮ ሲመጣ ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ ሲያጠና ሰምቼ ነው፤ ማንበብ የለመድኩት ግን በዚያ ግድግዳ ነው። አንገቴን አዘንብዬ፣ በርጩማ ላይ ቆሜ፣ አልጋ ሥር ተንበርክኬ አነብባለሁ። ብዙው ወሬ መሃሉ ላይ በሌላ ገጽ ተሸፍኖ ይቋረጣል። ዛሬም መጽሐፍ ሳነብ አንድ ምዕራፍ ሳልጨርስ ወደ ሌላው ካለፍኩ ያሳክከኛል፤ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

አሁን ወደዚያ ቀን ልመለስ፤ ሁለተኛው ጉዟቸው ነው። ሳልሄድ እንዴት ላውቀው እንደቻልኩ በየተራው እነግራለሁ። በዓመቱ፣ የእንግሊዞቹ ገና ዕለት፣ በሥራ ቀን ነው የዋለው። ለእኛ የነቢያት ጾም ነው። ይህ ሁሌም እንደዚሁ ነበር፤ የእነሱ የገና እረፍት በነቢያት ጾም፣ የፋሲካቸው በአብዛኛው በሁዳዴ፣ የክረምቱ በፍልሰታ። ወንድሜ አዲስ አበባ ሆኖ በጾም ሥጋ እንደሚበላ እኔ አውቅ ነበር፤ እናቴ አታውቅም። በእሷ ፊት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል። ስለዚህ ያን ቀን አራት ሰዎች ከዝግባው ሥር ምንጣፍ ዘርግተው፣ ዳቦና ስልጆ የያዘውን ቅርጫት መሃል አስቀምጠው፣ ሳይከፍቱት ተቀመጡ። ያልጾመችው ለአቅመ ጾም ያልደረሰችው ትንሿ እህቴ ብቻ ናት፤ እሷ ከቤት በእጇ የያዘችውን ዳቦ ትበላለች። አባቴ ኮፍያውን አውልቋል። እናቴ ብርድ ስለነበር ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባለች። ወንድሜ ርቦት አኩርፏል። ማንም አይናገርም። የእንግሊዝ ቤተሰብ እዚያ ቢቀመጥ ይበላል፣ ይሮጣል፣ ውሻ ይጮኻል። የእኛ ሰዎች ሰዓት እስኪደርስ ይጠብቁ ነበር።

ከላይ አውድማ ላይ ገብስ የሚወቁ ሰዎች አዩአቸው። ቀትር ላይ፣ በረሃብ ፊት፣ ተከናንቦ፣ አንገት ደፍቶ ሜዳ ላይ ክብ ሠርቶ የሚቀመጥ ምን ዓይነት ሰው ነው? አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው። በሬዎቹን አቁመው ወረዱ። አንድ ሽማግሌ፣ ሁለት ሦስት ወንዶች፣ ሴቶች፤ ከሴቶቹ አንዷ ወተት በጮጮ ይዛለች። አባቴ ስለ መኪናው ሊጠይቁ የመጡ መስሎት ሊነሣ ሲል፣ ሽማግሌው በእጃቸው ቁጭ አደረጉትና እነሱም ተቀመጡ። ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ሌሎቹም አሜን አሉ። ፈጣሪ ያጽናችሁ፣ ለቀሪዎቹ ዕድሜ ይስጥ አሏቸው በኦሮምኛ። አባቴም እናቴም ኦሮምኛ እንደ አማርኛቸው ነው፤ አልሰማሁም የሚባል ነገር አልነበረም።

እዚህ ላይ አባቴ ሊስቅ፣ ይቅርታ ሊል፣ ማንም አልሞተም ሊል ይችል ነበር። ግን አስቡት። እህላቸውን ለነፋስ ትተው የወረዱ ሰዎች ናቸው። ዱዓው ተደርጎ አልቋል። አሁን ሣር ለማየት ነው የመጣነው ይበላቸው? ዝም አለ። ሴትዮዋ ወተቱን ለእናቴ ዘረጋችላት፤ እናቴ በጾም ወተት አትቀምስም፤ ራሷን ነቀነቀች። ሴትዮዋ አዘነች፤ ሐዘንተኛ ጉሮሮው አይከፈትም ብላ ጮጮውን ለትንሿ እህቴ ሰጠቻት። ያኔ ሽማግሌው የተለያችሁ ማን ነው ብለው ጠየቁ፤ አባቴም እኔን አለ።

ይህን ሁሉ ያን ቀን አላወቅሁም። ያወቅሁት ማምሻውን ሲመለሱ ቤቱ እንግዳ ነገር ይዞ እንደገባ ብቻ ነው። እናቴ ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ ወደ እኔ መጣችና ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ የጠበል ጠርሙሷን አውጥታ ግንባሬን፣ ደረቴን፣ መዳፌን ቀባችኝ። ቅቤ አቅልጣ አናቴን አሸችኝ፤ በዓል ሳይሆን ቅቤ የሚቀባ ሰው በቤታችን አልነበረም። ራቴን በእጇ ጠቅልላ አጎረሰችኝ። አባቴ ወደ እሳቱ ዞሮ ተቀምጧል። ወንድሜ ከቅድም ጀምሮ መጽሐፍ ይዟል፤ ገጹን ግን አይገልጥም። እኔ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። እንዳይቀርብኝ ፈርቼ ነው። አጎንብሼ ጎረስኩ። ዝምታዬን ያደነቁልኝ፣ ቤት መጠበቄ ዋጋ ያገኘ መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ምሽት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሁዳዴ ሲጋመስ የእንግሊዞቹ ፋሲካ ደረሰ። የእናቴ አክስት እንደተባለው ከጢቾ በበቅሎ መጡ። እኔ ቀሚሴን አጥቤ፣ ነጠላዬን በእንዶድ አንጽቼ፣ ጫማዬን ከአልጋ ሥር አውጥቼ ጨርሻለሁ። ሰኞ ጠዋት መኪናው ደጅ ሲቆም ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። እናቴ ጫማዬን አየችና ዓይኗን መለሰች። አባቴ ጎማውን በእግሩ ይመታ ጀመር፤ ጎማው ምንም አልሆነም ነበር።

«አክስቴ ብቻቸውን ይከፋቸዋል» አለች እናቴ። «አንቺ አጫውቻቸው።»

አክስት ከጓዳ ሆነው ሰሙ። «እኔን ምን ይከፋኛል፣ ከዚህ ግድግዳ ጋር ሳወራ እውላለሁ፤ ልጅቱ ትሂድ እንጂ» አሉ። አባቴን አየሁት። «በሚቀጥለው» እንዲል ጠበቅሁ፤ እሱንም አላለም። መኪናው ወረደ፤ ድልድዩ ላይ ተሰማ፤ ጠፋ። አክስት ሥራ የሚፈቱ ሴት አልነበሩም፤ ጥጥ ይፈለቅቁ ጀመር። «ምን አጥፍተሽ ነው?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። ቀኑን ሙሉ አስቤ ያጠፋሁትን ፈለግሁ። ሰሃን ሰብሬ ነበር? ወተት ገንፍሎብኝ ነበር? የማነበውን ግድግዳ በጥፍሬ እየላጥኩ ከሥር ያለውን ገጽ ለማየት ሞክሬ አውቃለሁ፤ እሱን አውቀውብኝ ይሆን እያልኩ ዋልኩ።

የነገረችኝ ትንሿ እህቴ ናት፤ በማግሥቱ ጓሮ ሳጥባት። እዚያ ምን አያችሁ ብዬ ጠየቅኋት። ጉማሬ አላየንም አለች፤ ወንድሜ ጉማሬ አለ ብሎ ዋሽቷታል። ወተት የምትሰጠው ሴትዮ ትናንትም መጣች አለች። ከእማዬ ጋር ለብቻቸው ቁጭ ብለው አወሩ፣ ሁለቱም አለቀሱ።

ለምን እንዳለቀሱ ጠየቅኋት።

«ስለ አንቺ ነዋ» አለች። «አንቺ እኮ እዚያ ሞተሻል። ለማንም እንዳትናገሪ ተብያለሁ።»

ውሃውን ማፍሰሴን አላቆምኩም። ቀስ አድርጌ፣ ያን ያህል ግድ እንዳልሰጠኝ ሆኜ፣ ጥቂት በጥቂት አወጣሁባት። ምን ገደለኝ? ንዳድ። የት ያዘኝ? ወደ ዝዋይ ወርጄ። አባባ እንደዚያ አላቸው። ሟቿ እንግዲህ ዝዋይን አይታለች፤ እኔ አላየሁም። ሌላስ ምን አለ? እህቴ አሰበችና፣ ዝምተኛ ነበረች አለ አለችኝ።

የእናቴ ቅቤና ጠበል ምን እንደነበረ ያኔ ገባኝ። በሕይወት ያለ ልጅን ሞተ ማለት ሟርት ነው፤ እናቴ ሟርቱን ከላዬ ልታጥብ ነበር። እኔ የፍቅር መስሎኝ የጎረስኩት ጉርሻ የፍርሃት ነበር ብዬ ደመደምኩ። ለምን ይዘውኝ እንደማይሄዱም ገባኝ። በዚያ መንገድ ሰዎቹ ያውቋቸዋል፤ የሞተችው ልጅ በእግሯ ከመኪና ብትወርድ አባቴ በዱዓ የቀለደ ሰው ይሆናል። ወደ ሌላ ቦታ ለምን አይሄዱም ትሉ ይሆናል። አባቴስ ይሄድ ነበር። አሁን ወደ ዝግባው የምትጎትተው እናቴ ናት። መጀመሪያ ሣር ምን ይሠራል ስትል የነበረችው ሴት፣ እረፍት ሲቃረብ ቅርጫቱን ቀድማ የምታወርድ ሆነች። ለሴትዮዋ በርበሬ ትቋጥርላታለች፣ አንዴ ሻሽ ገዝታ ወሰደችላት። ለለቅሶዬ ይህን ያህል ስትቸኩል ሳይ፣ ሟቿን ቀናሁባት። ያቺ ልጅ በእረፍት በእረፍቱ የሚመጣላት ሰው አላት። እኔ በር ዘግቼ ግድግዳ አነባለሁ።

ለማንም አልተናገርኩም። ለማን እነግራለሁ? እናቴ ማወቄን ብታውቅ ትደነግጣለች። አባቴን ለማሳፈር ድፍረቱ የለኝም። ወንድሜ በእረፍቱ ሲመጣ ዓይኔን እያየ አያወራም ነበር፤ ከትምህርት ቤቱ ሥዕል ያላቸው መጻሕፍት ያመጣልኝ ጀመር፤ አልጋዬ ላይ ጥሏቸው ይሄዳል። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሱም ማወቄን የጠረጠረ ይመስለኛል። እንደዚያ ሆነን ቀረን።

በሚቀጥለው መስከረም አባቴ እጄን ይዞ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስመዘገበኝ። እናቴን እንኳ አላማከራትም። በሞትኩበት ቃል ተጸጽቶ ይሁን፣ እንግሊዙ ሰውዬ ጠይቆት ይሁን፣ ወይም ጎረቤት ልጅ ስለገባች ይሁን አልነገረኝም። ጡቴ ወጥቶ አንደኛ ክፍል ገባሁ። ወንበሩ ጉልበቴን አያስገባም ነበርና ከኋላ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ልጆቹ «እትዬ» ይሉኛል፤ «እትዬ፣ ልጅዎ የት አለ?» እያሉ። አስተማሪው ማንበብ የሚችል እጅ ያውጣ ሲል አላወጣሁም። ቆይቶ ሲያውቅብኝ በአጋማሽ ዓመት ወደ ሁለተኛ አሳለፈኝ። የማነበው ሁሉ በቀጥታ የተጻፈ መሆኑ ብቻ ለትንሽ ጊዜ እንግዳ ሆኖብኝ ነበር።

ሴትዮዋ ቤታችን የመጣችው ሁለተኛው የትምህርት ዘመኔ ላይ፣ በፈተና ማግሥት እረፍት ተሰጥቶን ቤት በዋልኩበት ቀን ነው። ገበያ ነበር። እናቴ ገበያ ወርዳለች፣ አባቴ ሥራ ነው፣ እህቴ ጎረቤት። በሩ ተንኳኳ፤ ከፈትኩ። ትከሻዋ ላይ ሻሽ ጣል ያደረገች፣ ቅቤዋን ሸጣ ባዶ ቅሏን ያንጠለጠለች ባላገር ሴት ናት። የእንግሊዙ አስተርጓሚ ቤት ይህ ነው ወይ አለችኝ በኦሮምኛ። ሻሹን አወቅሁት። እናቴ ስትገዛው አብሬያት ነበርኩ።

አስገብቼ አስቀመጥኳት። እናቴ እስክትመጣ ትጠብቃት ዘንድ እንጀራ አቀረብኩላት። ቤቱን ቀና ብላ አየችው፤ ግድግዳውን ስታይ ቆየች።

«አንቺ ዘመድ ነሽ?» አለችኝ። «ልጅቱ ከሞተች በኋላ ለሥራ የመጣሽ?»

መልስ ሳልሰጣት፣ የያዘችውን ጉርሻ አስቀምጣ ስለ ልጅቱ ትነግረኝ ጀመር። ብዙ ነገር ታውቃለች። ይህን ግድግዳ ስታነብ ትውል ነበር አለችኝ፣ እናቷ በሩን ሳታንኳኳ ገብታ አንገቷን አዘንብላ አግኝታት፣ ተመልሳ እንደወጣችም ታውቃለች። በርበሬ እንደማትወድ ታውቃለች። ከዚያ እናቴ ከባሏም ከንስሐ አባቷም የደበቀችውን ነገረችኝ። እኔ ስወለድ እናቴ ወንድ እንዲሆን ተስላ ነበር፤ ሴት ናት ሲሏት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ጡት እንኳ ለመስጠት አንገራግራለች። ያን ለመካስ ስትፈልግ ልጅቱ አደገች፤ ዝም የምትል፣ ምንም የማትጠይቅ ልጅ ሆነች፤ መካሻው ጠፋባት።

«‹ሁልጊዜ ቤት የምናስቀራት እሷን ነበር› ብላ አለቀሰች» አለችኝ ሴትዮዋ። «‹አንድ ቀን እኔስ ብትለኝ ኖሮ እወስዳት ነበር፤ ብላኝ አታውቅም› አለች። እኔም የቀበርኩት ልጅ አለኝ። ያቺ ሴት የምታለቅሰው እውነቷን ነው።»

እንደ ወትሮዬ ዝም ልል ነበር። ሴትዮዋ ትበላለች፣ እናቴ ትመጣለች፣ እኔ ጓዳ እገባለሁ፣ ያልፋል። እንደዚያ ማድረግ እችልበታለሁ።

«ልጅቱ እኔ ነኝ» አልኳት። «አልሞትኩም። ሁሉንም አውቃለሁ።» ከዚያ፣ ያላሰብኩት ነገር ከአፌ ወጣ፤ በአማርኛ ለቤተሰቤ ያላልኩት ነገር በኦሮምኛ ቀለለኝ መሰለኝ። «እኔም መሄድ እፈልግ ነበር» አልኳት።

ሴትዮዋ ተነሥታ ቆመች። አንድ እርምጃ ወደ በሩ ሸሸች። ከዚያ ተመለሰችና እጅሽን ስጪኝ አለችኝ። ሰጠኋት። አንጓዬ ላይ ጣቷን አሳርፋ ቆየች፤ ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። እናቴን ፊቴ ላይ ፈልጋ አገኘቻት መሰለኝ፤ ትከሻዋ ወረደ። የምትስቅ መሰለኝ፤ አልሳቀችም፤ ተቆጣች።

«ታዲያ ዱዓችንን የት እናድርገው?» አለች። «ሽማግሌው ያን ዱዓ አድርገው በዓመቱ ሞቱ። ሄጄ ልንገራቸው?»

ይቅርታ ልጠይቃት አስቤ የማን ጥፋት ብዬ እንደምጠይቅ ጠፋኝ። ቁጣዋ ሲበርድ ተቀመጠች፤ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ማወቅሽን እናትሽ ታውቃለች ወይ አለችኝ። አታውቅም አልኳት። አናቴ ላይ እትፍ እትፍ ብላ መረቀችኝ፤ ምርቃቱ ረጅም ነበር፣ ዕድሜም፣ ልጅም፣ ከብትም ነበረበት። ስሜን ጠየቀችኝ። ሐዘንተኛን የሟች ስም አስጠርቶ ማስለቀስ ነውር ነውና እስከዚያ ቀን አታውቀውም ነበር። ነገርኳት።

የግቢው በር ተከፈተ። እናቴ የገበያ ዘንቢሏን እንደያዘች ገባች፤ ዓይኗ ከፀሐይ ወደ ቤት ሲገባ እስኪለምድ ደፉ ላይ ቆመች። መጀመሪያ እኔን አየች። ቀጥላ ሻሹን። ሁለታችንን ጎን ለጎን ያየችበትን ፊት ልጽፈው ሞክሬ ብዙ ጊዜ ሰርዣለሁ።

ሴትዮዋ ተነሥታ እንደ ደንቡ ጉንጯን ሳመቻት፤ ዘንቢሉንም ከእጇ ተቀበለቻት።

«ልጅሽ በር ከፈተችልኝ» አለቻት።

እናቴ ደፉ ላይ ቁጭ አለች።